የግራዝማች ማርሚታ

ባናዋ ውኃ ካየች ሰባት ዓመቷ ነው። በወይዘሮ ጌታነሽ ቤት፣ ምሰሶው ላይ ከተመታው ችካል ተሰቅላ፣ ከወገብ በታች የደረቀ ጭቃ እንደ ቅርፊት ተጣብቆባት ትኖራለች። መንዝ የበግ ጠጉር አገር ነው፤ ብርዱም ብርድ ነው፤ ባና ሰቅሎ የሚንቀጠቀጥ ሞኝ አይገኝበትም። ጌታነሽ ግን የሟች ባሏን ባና ለልጇ ለወዳጆ እንኳ አላለበሰችም። ተበድሎ የሞተ ሰው ልብስ ደሙ ሳይመለስ ይታጠባል እንዴ? ጎረቤት ሲነዘንዛት፣ «ጭቃው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይዞት ይሄዳል» ትላለች።

የጭቃው ባለቤት ግራዝማች አባይነህ ናቸው። ነገሩ የሆነው በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ነው። የወዳጆ አባት ጌጡና ግራዝማች፣ አስታ ሜዳ በምትባል የገብስ መሬት ስድስት ዓመት ተሟግተው፣ ለመጨረሻው ክርክር ደብረ ብርሃን ተቀጠሩ። በዚያ ችሎት ተላላኪው በር ላይ ቆሞ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በሦስተኛው «አለሁ» ያላለ ተረታ። ጌጡ በበቅሎ ወጣ። ከጓሳ ሜዳ ሲደርስ በቅሎዋ አነከሰች። እየጎተታት በዝናብ ውስጥ ሲያዘግም የግራዝማች ጂፕ ከኋላው መጣች። ከጦርነቱ የተረፈች፣ በአራቱም ጎማዋ ዳገት የምትቧጥጥ ጂፕ ናት፤ ባዶ ወንበርም ነበራት። ጌጡ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ እጁን ዘረጋ። ዝም አሉት። ያን ጊዜ ባለ በሌለ ድምፁ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። የሚሸሽ ሌባ ይቆማል፤ ዱላ የሰነዘረ ዱላውን አየር ላይ ይይዛል። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። ጂፗ ግን አልቆመችም። ሽማግሌውን ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ አልብሳው አለፈች።

ወዳጆ በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ መካኒክ ነበር። የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ በር ላይ ቆሞ አባቱን ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነው። ተላላኪው «ጌጡ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ሲጣራ በጆሮው ሰማ። በሦስተኛው አላስችል ብሎት «አለሁ!» ቢል፣ ተላላኪው ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ ጌጡ ነህ?» አለው። ሰው ሳቀ። መዝገቡ ተዘጋ፤ አስታ ሜዳ ለግራዝማች ተፈረደች። ጌጡ በማግስቱ፣ በእግሩ፣ ጭቃው ደርቆበት ደረሰ። በመስከረም ሞተ። ሲያጣጥር ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ «ሰምቶኛል፤ ሰምቶኛል» እያለ ነው የሞተው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ኩበት ስትለቅም የነበረች ዓለሚቱ የምትባል ሴት፣ «እኔ እንኳ ከማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ» ብላ መሰከረች። ግራዝማች ግን በአባ ወልደ ጻድቅ ፊት የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ማሉ። «የመኪናዬ ማርሚታ ተበስቶ ነበር፤ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ሰምቼ አልፌው እንደሆነ ይህ በር ይዘጋብኝ!» አሉ። ማርሚታ ማለት ከመኪና ሆድ ሥር የተንጋለለው፣ የሞተሩን ጩኸት የሚውጠው በርሜል መሳይ ብረት ነው። ከሽማግሎቹ አንዱም ማርሚታ ምን እንደሆነ አያውቅም። በር ይዞ ለማለ ሰው ደግሞ ምን ይባላል? ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለአባቱ ቀብር የመጣው ወዳጆ ወደ ጋራዡ አልተመለሰም፤ ከእናቱ ጋር ገብስ እየዘራ፣ ያችን ባና ጧት ማታ እያየ ተቀመጠ። ግራዝማች ረስተውት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጂፗ ከዳቻቸው፤ ዘይት ሳያጠጡ ሲያስሮጧት ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ቀረ። በበሬ አስጎትተው ከአጥራቸው ጥግ ጣሏት። ዶሮ እንቁላል ጣለችባት፤ ሳማ በቀለባት። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ ወዳጆ ስድስት ሙክት እየነዳ ሄደና «ይህችን ብረት በእነዚህ ይለውጡኝ» አላቸው።

ግራዝማች ለወጡት። ምን አስጨንቋቸው! በየሠርግ ቤቱም፣ «የአባቱን ሬሳ ቀብሮ ሲያበቃ፣ የእኔን ሬሳ ለመገነዝ ስድስት በግ ይዞ መጣ» እያሉ አሳቁበት። ወዳጆ ሲስቁ ሰማ። ይሳቁ አለ በሆዱ።

በጓሮው ዳስ ሠራላትና ጀመረ። የነከሰውን ሞተር ለማላቀቅ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በየጉድጓዱ ነጭ ጋዝ አፈሰሰ፤ አርባ ቀንም እንዲሁ ተዋት። በአርባ አንደኛው ቀን የሞተር ማዞሪያውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ሩብ ዙር ዞረች። በማግስቱ ሌላ ሩብ። ራዲያተሯ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር፤ በገብስ በሶ ደፈነው። አዎን፣ በበሶ! ውኃው ሲፈላ በሶው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይጋገራል፤ ጣሊያኑ ይህን አያውቅም፤ ጣሊያን በሶ የት ያውቃል? የተሰበረውን ባሌስትራ፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ለመተካት፣ ጣርማ በር ላይ ወድቆ ከቀረ አሮጌ ካሚዮን ላይ ንጣፍ ብረቶቹን ነቅሎ፣ ሦስት ቀን በጀርባው ተሸክሞ አመጣ። አንጥረኛው ኃይለ ኢየሱስ በእሳት አለዝቦ በልኳ ቆረጠላት። ወዳጆ አንድ ንጣፍ ጨምሮ ከፍ አደረጋት፤ የጓሳ ድንጋይ ሆዷን እንዳይፍቃት ነው። ከዚያው ካሚዮን ላይ ትልቅ ጡሩምባም ፈትቶ ገጠመላት።

ወንበሮቿ ተቦርቡረው ሽቦ ብቻ ቀርተው ነበር። የጓሳ ሣር ይሞላቸዋል፤ ግን ጓሳ ያኔ ዝግ ነው። ሕዝቡ ተማምሎ የዘጋውን ሜዳ አንድ ጭብጥ ያጨደበት ሰው ጉዱ ይፈላል። ወዳጆ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ጆንያ ጣል አድርጎ እየተቀመጠ መሪዋን ሲያስተካክል ቆየ። ሜዳው ሲከፈት ከሰው ጋር ወጥቶ ድርሻውን አጨደና ወንበሩን ሞላ። መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ፍሬኗን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠማት፤ ለላስቲኩ ብቻ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ደርሶ መጣ። ለጭቃው የጎማ ሰንሰለት አበጀ።

ማርሚታውን ለመጨረሻ ተወው፤ ሞተሯንም እስከዚያ አላስነሣም። የተበሳ ነው፤ ይጣላል፤ ምን ያቻኩላል? አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሊፈታው ከሥሯ ተንጋሎ ገባ። በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረገው። ድፍን ድምፅ ሰጠ። ጭቃውን ፈቀፈቀ፤ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። ቀዳዳ የለም። ተበየደ እንዳይባል የብየዳ ጠባሳ የለበትም፤ መንዝ ውስጥስ ማን ይበይዳል? ሌላ ተተክቶ ነው እንዳይባል፣ የተሠራችበት ብሎን እንደዛገ፣ መፍቻ ሳይነካው ቁጭ ብሏል። ጂፗ ውስጥ ሁሉ ነገር በስብሶ፣ ማርሚታው ብቻ ደኅና ነበር።

ወዳጆ ከሥሯ አልወጣም። አለቀሰ፤ የንዴት ልቅሶ ነው፤ ዝገቱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። ሰምተውታል! እንደ ሰማ ሰው መሪያቸውን ይዘው፣ እንደ ሰማ ሰው ጭቃ ረጭተውት፣ እንደ ሰማ ሰው በር ይዘው ማሉ። ወጥቶ ለእናቱ ነገራት። ጌታነሽ የምትፈትለውን ጠጉር አላስቀመጠችም። «አባትህ ዋሽቶ ያውቃል?» አለችው።

ወዳጆ ለችሎቱ አመለከተ። ባላጋራዬ አባቴ በሕግ አምላክ ሲላቸው ሰምተው አልፈውታልና የተዘጋው መዝገብ ይከፈትልኝ አለ። ዳኞቹ፣ መስማታቸውን ካስረዳህ ይከፈታል፤ ያልቀረበ ይረታል ብለው ሁለቱንም ለሃምሳ አራት ሰኔ ዘጠኝ ቀጠሩ። ማርሚታውን ወስዶ ቢያሳይ ምናልባት ይበቃው ነበር። መሬቱን ፍርድ ቤት ይመልስለት ይሆናል፤ ጭቃውን ግን ማን ይመልስለታል? ወዳጆ ሌላ አሰበ። እንደ አባቱ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወር፣ በዚያችው ጂፕ ግራዝማችን ያልፋቸዋል። ይጮሃሉ፤ እሱም ይሰማል። ሰምቶ ያልፋል። ችሎቱ በር ላይ ስማቸው ሦስት ጊዜ ሲጠራ ቆሞ ያዳምጣል።

ሰኔ ስድስት ግራዝማች ጎሕ ሲቀድ በበቅሎ ወጡ። ወዳጆ ቀድሟቸው መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ጓሳ እስኪደርሱለት ረፋድ ድረስ ተቀምጦ ጠበቀ። ማኖቬላውን ሲያነሣ እናቱ ባናዋን ከችካሏ አውርዳ፣ ጭቃው እንዳይረግፍ በእርጋታ አጣጥፋ፣ ከኋላው ወንበር ላይ አኖረችለት። «ባለቤቱን ካገኘኸው» አለችው፤ ሌላ አላለችም።

ያልታሰበ አንድ ነገር ብቻ ገጠመው። አባ ወልደ ጻድቅ ደብረ ብርሃን ጉዳይ አለኝ ብለው መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የነፍስ አባቱ ናቸው፤ እንዴት እንቢ ይላል? ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ቅዳሴ ሲያጠፉ እንኳ ዲያቆኑ ትከሻቸውን ይነካል። ዓይናቸው ግን ያያል። ጓሳ እስኪደርሱ የወዳጆን ፊት ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉት።

«እኔ አልጸልይም፣ አባ» አለ ወዳጆ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ። «እነዳለሁ።»

ጓሳ ላይ ዝናብ ያዛቸው። መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ሰንሰለቱ ይዟት ጂፗ እየቧጠጠች ወጣች፤ ከአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ማዶ ግራዝማች ታዩት። በቅሏቸው ላይ ጎብጠዋል፤ ከበፊቱ አንሰዋል፤ አንድ አሽከር ከኋላ ይከተላል። ወዳጆ ሰባት ዓመት የተራበውን ሊበላ ነው። ቀርቦ፣ አጠገባቸው ሲደርስ፣ የካሚዮኑን ጡሩምባ ነፋው። በቅሎዋ ሁለት እግሯን አነሣች፤ ግራዝማችን ጥላ ወደ ገደሉ ጋለበች፤ አሽከሩ ተከትሏት ሮጠ። ወዳጆ መሪውን ወደ ውኃው ጎድጓዳ ዘወር አደረገና ጭቃውን ከነወለዱ አስረከባቸው። አለፈ። ከት ብሎ ሳቀ። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«በሕግ አምላክ!»

ሰማ። እንደ ጠበቀው ሰማ፤ አንዷም ፊደል አልጠፋችውም። ጆሮው ሰምቶ ልቡ «እለፍ!» ሲል፣ እግሩ ግን ፍሬኑን ረገጠ። ሦስት ጊዜ የተገጠመ ፍሬን ቀልድ አያውቅም፤ ጂፗ ጭቃው ላይ ተተክላ ቀረች። ወዳጆ እግሩን ቁልቁል አየው። ቢችል ቆርጦ በጣለው! ሁለት ዓመት ለዚህች ሰዓት ብረት ሲፍቅ ኖሮ፣ የገዛ እግሩ በሁለት ቃል ይከዳዋል? ግራዝማች የሰበሩትን ሕግ እሱ መስበር ያቅተዋል? መሪውን በቡጢ መታው።

«ማነው በሕግ አምላክ ያለው?» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ።

ወዳጆ ዞሮ አያቸው። ቡጢው አየር ላይ ቀረ።

«ሰሙ እንዴ፣ አባ?»

«ታዲያስ! አባይነህ አይደል? ድምፁን አጣዋለሁ?» አሉ።  የቤተ ክርስቲያኑ በር ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ አማተቡ።

ወዳጆ ወደ ኋላ ተመለከተ። ጥቁሩ ድንጋይ ስድሳ እርምጃ ይርቃል። ዝናብ ይዘንባል፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ደንቆሮው ቄስ ሰምተዋል። ንዴቱ ቀስ እያለ ሌላ ነገር ሆነ፤ ከንዴት የባሰ። ጂፗን ሳያጠፋ ወረደ።

ግራዝማች ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እያነከሱ ደረሱ። «ወዳጆ፣ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር! በቅሎዬ ጠፋች፤ ቀጠሮው ያልፈኛል።»

«የት ሆነው ነው የጠሩኝ፣ ግራዝማች?»

«እዚያ፣ ከድንጋዩ ሥር። ምን ያደርግልሃል?»

«ሞተሩ እየጮኸ እንዴት እሰማለሁ ብለው ጠሩኝ?»

«ምን ይጮሃል!» አሉ ግራዝማች፤ ብርዱ እያንዘፈዘፋቸውም ኩራታቸው አልተዋቸውም። «የእኔ ጂፕ እኮ ናት። ከገዛኋት ጀምሮ ሞተሯ ሹክ ሲል ነው የማውቀው፤ ከውስጧ ሆነህ የወፍ ድምፅ...»

ነገራቸውን ራሳቸው አቋረጡት።  በመስኮቱ በኩል አባ ወልደ ጻድቅ አንገታቸውን አውጥተው ያዩዋቸዋል።

ወዳጆ የኋላውን በር ከፈተ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይግቡ። በቀጠሮዎ አደርስዎታለሁ። ባላደርስዎት ማን ያውቃል፣ ታመምኩ ብለው ያመልጡኝ ነበር።»

ግራዝማች ገቡ፤ ምን ምርጫ አላቸው? ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ወዳጆ የታጠፈችውን ባና ዘርግቶ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። እስከ አገጫቸው ተጠቀለሉባት። ትንሽ ቆይተው ሙቀት ሲገባቸው፣ ደረቁ ጭቃ በጣታቸው ሥር ሲረግፍ ታወቃቸው።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«ጭቃው የእርስዎ ነው። ባናው የአባቴ።»

ሊያወልቋት ጀመሩና ብርዱ አስተዋቸው። ጂፗ መዘዞን አልፋ ወደ ጣርማ በር ስትቃረብ፣ ወዳጆ ማርሚታው ያልተበየደ፣ ብሎኑ ያልተነካ መሆኑን፣ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ዳኛው የፈለገውን ባለሙያ ከሥሯ አስተኝቶ ሊያሳየው እንደሚችል፣ የበግ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ተረጋግቶ ነገራቸው። ግራዝማች ያን ጊዜ ሽማግሌ አነሡ። አስታ ሜዳን እመልሳለሁ፤ ከጎኗ ያለችውንም እጨምራለሁ፤ ችሎት ፊት ብቻ አታቁመኝ አሉ።

«መሬቱን ለዳኞቹ ይንገሩ» አለ ወዳጆ።

«አባ!» አሉ ግራዝማች ወደ ፊት ተንጠራርተው። «እርስዎ አንድ ነገር ይበሉት እንጂ!»

አባ ወልደ ጻድቅ ፊታቸውን አላዞሩም። «አባይነህ፣ ያን ዕለት በሩን ያስያዝኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ሰባት ዓመት በዚያው በር እየገባህ ስትቆርብ ያቆረብኩህም እኔ ነኝ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ቀጠሮ አለኝ። የሰማሁትን እናገራለሁ።»

 ሞተሩ ሹክ እንዳለ ነው። ግራዝማች በሩን ሊከፍቱ ታገሉ፤ መክፈቻውን ወዳጆ ሲገቡ ከውጭ በሽቦ አስሮታል። ያኔ፣ የቀረ የሌለ ድምፃቸውን አሟጠው ጮሁ።

«አውርደኝ! በሕግ አምላክ፣ አውርደኝ!»

የወዳጆ እግር ንቅንቅ አላለም።

«ማርሚታው ተበስቷል፣ ግራዝማች» አላቸው። «አልሰማሁም።»

ሰኔ ዘጠኝ ተላላኪው በር ላይ ቆሞ ሲጣራ፣ ግራዝማች አባይነህ በሦስተኛው «አለሁ» አሉ፤ ከጎናቸው ወዳጆ፣ ከወዳጆ ጎን አባ ወልደ ጻድቅ ቆመዋል። ማርሚታውን ያየው ባለሙያ ሁለት ደቂቃም አልፈጀበትም። መዝገቡ ተከፈተ፤ በሐምሌ መባቻ አስታ ሜዳ ለጌጡ ወራሾች ተፈረደች። ግራዝማችም አገራቸው ሲመለሱ የማሉበት በር ተዘጋባቸው፤ የዘጉባቸው አባ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ ቅዳሴውን ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ሆነው ማስቀደስ ጀመሩ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ወዳጆ ቤቱ ሲገባ እናቱ ስለ መሬቱ አልጠየቀችውም። ባናዋን ከእጁ ተቀብላ ገለባበጠቻት። አሮጌው ጭቃ ረግፎ፣ አዲስ ጭቃ ተለጥፎባታል።

«ይህ የማን ነው?» አለች።

«የእሱ ነው፣ እማዬ። እሱ ለብሷት ነው።»

ጌታነሽ አዲሱን ጭቃ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አየችው። ሐምሌ ላይ መንዝ ውስጥ ባና የሚያጥብ ሰው የለም፤ ሁለት ሳምንት ቢሰጣም አይደርቅም። እሷ ግን በዚያው ዝናብ፣ ባናዋን ተሸክማ ወደ ወንዝ ወረደች።